በአይዳሆ የላቫ ሜዳ ላይ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ፦ ከዋዜማው ዝግጅት እስከ መመለሻው

ክሬተርስ ኦፍ ዘ ሙን ላይ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ የሚያቅድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መቁረጥ ያለበት ጉዳይ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ነው። የትኛው መንገድ፣ ምን ዓይነት ጫማ፣ ስንት ሊትር ውኃ የሚለው ሁሉ ከመነሻው ሰዓት የሚመዘዝ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ በማለዳ ቀዝቃዛ ነው፤ በሞቃት ቀን ከቀትር በኋላ ግን የላዩ ሙቀት ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ያን ጊዜ ፀሐይ ከላይ፣ አለቱ ከታች ሆነው መንገደኛውን መሃል ላይ ያበስሉታል። ስለዚህ እዚህ የምመክረው አካሄድ ረጅሙን ጉዞ በማለዳ፣ ዋሻውን በቀትር፣ ኮረብታውን በምሽት ማድረግ ነው። ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነውና ስልካችሁ ላይ ስትሞሉት የስድስት ሰዓቱን ልዩነት አትርሱ።

ቦታው በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት፣ አርኮና ኬሪ በሚባሉ ትንንሽ ከተሞች መካከል የሚገኝ፣ ወደ 1,600 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የላቫ (ከምድር ውስጥ ቀልጦ ወጥቶ የበረደ አለት) ሜዳ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ደረቅና ነፋሻማ ነው። ላቫው ከአንድ ትልቅ ተራራ አፍ የፈሰሰ አይደለም። ከ15,000 እስከ 2,000 ዓመት ገደማ በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ከአንድ ረጅም የመሬት ስንጥቅ እየፈለቀ በስምንት ዙር የተዘረጋ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ በመኪና የተጓዘ ሰው መተሐራ አጠገብ ያየውን ጥቁር ድንጋይ ቢያስታውስ ምን እንደሚጠብቀው ይገባዋል። ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1924 ብሔራዊ ጥብቅ ሥፍራ ብለው አውጀውታል። በ1969 ደግሞ አለን ሼፐርድን ጨምሮ የአፖሎ ጠፈርተኞች ስለ እሳተ ገሞራ አለት ሊማሩ መጥተውበታል።

1. ወሩን መምረጥ

በፓርኩ ውስጥ መኪና የሚዞርበት 7 ማይል ገደማ የሆነ አስፋልት መንገድ አለ፤ የእግር መንገዶቹ በሙሉ ለማለት ይቻላል የሚጀምሩት ከዚሁ ነው። ይህ መንገድ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ኤፕሪል አካባቢ በበረዶ ምክንያት ለመኪና ይዘጋል። ጁላይና ኦገስት ክፍት ቢሆኑም ሙቀታቸው ይከብዳል። ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁን ያለው ጊዜና ሴፕቴምበር ይሻላሉ። ምርጫው ለእኔ ቢተው ጁንን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም አበባው ነው።

በጥቁሩ ጠጠር ላይ በጁን የሚያብቡት ዕፅዋት ከሩቅ ሲታዩ ሰው ለክቶ የተከላቸው ይመስላሉ፤ አንዱ ከሌላው ርቆ፣ በእኩል ክፍተት ተቀምጧል። ጎንበስ ብላችሁ አንዷን ተመልከቱ። ድንክ ባክዊት የምትባለው ተክል ከላይ መዳፍ የምታክል፣ ነጣ ያለ ጠጉር የለበሰች ቁጥቋጦ ናት፤ ሥሯ ግን ከምድር በታች አንድ ሜትር ገደማ ይዘረጋል። ክፍተቱ ባዶ ቦታ የመሰለው ለዚህ ነው፤ ውኃ ፍለጋ የተዘረጋ ሥር ሞልቶበታል። ከመንገድ ወጥታችሁ «ባዶው» ላይ ስትቆሙ የምትረግጡት እሱን ነው።

ለእኛ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ጁን ላይ የሐዋርያት ጾም ይገባል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም ሳይቀምሱ የሚቆዩ ሰዎች በዚህ ምድር ላይ ለሰዓታት ሊራመዱ አይገባም። መፍትሔው ጉዞውን ቅዳሜ ወይም እሁድ ማድረግ ነው፤ በእነዚህ ቀናት ከጥሉላት እንጂ ከእህልና ከውኃ መከልከል የለም። የረመዳን ጾም በሞቃት ወር የሚውልበት ዓመት ሲመጣም ጉዞውን ከኢድ በኋላ ማዛወር ይሻላል።

2. በዋዜማው መድረስ

ከሶልት ሌክ ሲቲ አራት ሰዓት ያህል መንዳት ነው፦ በ15 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን እስከ ብላክፉት፣ ከዚያ በ26 ቁጥር መንገድ ወደ ምዕራብ እስከ አርኮ፤ ፓርኩ ከአርኮ 18 ማይል ገደማ ይቀረዋል። ከቦይዚ የሚነሣ ደግሞ በማውንቴን ሆም አድርጎ በ20 ቁጥር መንገድ በኬሪ በኩል በሦስት ሰዓት ገደማ ይደርሳል። ነዳጅና ምግብ በአርኮ ወይም በኬሪ ጨርሱ፤ ፓርኩ ውስጥ ማደያም ምግብ ቤትም የለም።

የስልክ ካርታ ላይ የፓርኩን ስም ብቻ ከጻፋችሁ፣ በደቡብ በኩል ወዳለው ሰው አልባ ምድር በአቧራ መንገድ ሊወስዳችሁ ይችላል። የምትጽፉት «የጎብኝዎች ማዕከል» የሚለውን ይሁን። ፓርኩ አካባቢ የስልክ መስመር ስለማያስተማምን ካርታውን ከቤት አውርዳችሁ ያዙ፤ ከማዕከሉ የሚሰጠውን የወረቀት ካርታም አትናቁ።

በዋዜማው መድረስ የምለው ለምቾት ብዬ አይደለም። ከሶልት ሌክ ሲቲ «ሌሊት እንነሣለን» ተባብሎ በሦስት መኪና የሚወጣ የአበሻ ቡድን ፓርኩ በር ላይ የሚደርሰው አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ አንዱ መኪና ቡና ሲጠብቅ፣ አንዱ በረዶ ሊገዛ ሲቆም። ያኔ የቀኑ ምርጥ ክፍል አልፏል። አርኮ ውስጥ አልጋ ያዙ፤ ወይም በፓርኩ የድንኳን ሠፈር እደሩ። በድንኳን የምታድሩ ከሆነ በጁንም ቢሆን ሌሊቱ ብርዳም ስለሆነ ጋቢ ጨምሩ።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ወደ ጎብኝዎች ማዕከሉ ግቡና ሦስት ነገር አድርጉ። የመግቢያ ክፍያውን ክፈሉ። ውኃችሁን ሙሉ፤ የሚጠጣ ውኃ ያለው እዚያና በድንኳን ሠፈሩ ብቻ ነው። ከዚያም የዋሻ ፈቃድ ውሰዱ።

ፈቃዱ በነፃ ነው፤ ግን ጥያቄ አለው። የፓርኩ ሠራተኞች በሌላ ዋሻ ወይም በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የገባ ልብስ፣ ጫማ ወይም ዕቃ ይዛችሁ እንደሆነ ይጠይቋችኋል። ምክንያቱ በሰሜን አሜሪካ የሌሊት ወፎችን በሚሊዮን የፈጀ የፈንገስ በሽታ ነው፤ ዘሩ በጫማ ጭቃ ላይ ተጣብቆ ከዋሻ ወደ ዋሻ ይጓዛል። ባለፈው ዓመት ሶፍ ዑመር የገባችሁበት ጫማ ካለ ቤት ይቅር። ጠያቂውን ለማለፍ ብሎ መዋሸት ደግሞ እጅግ ነውር ነው።

3. ውኃና ስንቅ

ለአንድ ሰው ለቀኑ አራት ሊትር ውኃ ያዙ። ብዙ ይመስላል፤ ሸክሙም ይከብዳል፤ ቢሆንም አትቀንሱ። እዚህ ምድር ላይ ዝናብም በረዶም ይወርዳል፤ ነገር ግን ድንጋዩ በስንጥቅ የተሞላ ስለሆነ ውኃው ወዲያው ወደ ታች ይሰርጋል። ወንዝ የለም፤ ምንጭም በመንገዳችሁ አታገኙም። ሮበርት ሊምበርት የተባለው የአይዳሆ ሰው እ.ኤ.አ. በ1920 ከአንድ ጓደኛው ጋር ይህን ሜዳ ከደቡብ ወደ ሰሜን በእግሩ ሲያቋርጥ፣ በላቫው ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ያገኝ የነበረው ርግቦች የሚበሩበትን አቅጣጫ እየተከተለ ነበር። እናንተ ርግብ አትጠብቁ።

ውኃውን በአንድ ትልቅ ዕቃ ብቻ አትያዙት፤ አንዱ ቢቀደድ ወይም ቢፈስ ሌላው እንዲተርፍ በሁለት ወይም በሦስት ከፋፍሉት። አጠጣጡ ደግሞ ሳይጠማችሁ በየሃያ ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ጉንጭ ነው። በደረቅ አየር ላብ ቶሎ ስለሚተን ያላባችሁ አይመስላችሁም፤ የሽንታችሁን ቀለም ተመልከቱ፤ ከጠቆረ ዘግይታችኋል።

ላብ ጨው ይዞ ስለሚወጣ ውኃ ብቻውን አይበቃም። የእኛ ስንቅ ለዚህ የተመቸ ነው። ጨው ነካ የተደረገ ቆሎና ለውዝ በኪስ ይያዛል፤ እየተራመዱም ይበላል። ዳቦ ቆሎ አይደቅም፣ አይበላሽም። ተምር ጉልበት ይሰጣል። በሶን የሚወድ ይያዝ፤ ግን የሚበጠብጥበትን ውኃ ከአራቱ ሊትር ላይ ሳይሆን በተጨማሪ ያስላ። ጭኮ ጾመኛ ላልሆነ ለማለዳ ጥሩ ነው፤ ቀትር ላይ ቅቤው ይቀልጥና ቦርሳ ያበላሻል። ጥሬ ሥጋና ክትፎ ለመልሱ ይቆዩ።

4. ጫማና ልብስ

ላቫው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለስላሳ ገጽ ያለው፣ እንደተጠቀለለ ገመድ ሸንተረር የሠራ ነው፤ በእሱ ላይ መራመድ አያስቸግርም። ሌላው ተሰባብሮ የቆመ ስለት ነው። እጃችሁን ለድጋፍ ብታሳርፉበት ቆዳ ይልጣል፤ ቀጭን የስፖርት ጫማ ሶሉን ይበላዋል። ሊምበርት ያን ጊዜ ውሻ ይዞ ነበር፤ የውሻው መዳፍ ተቆራርጦ ከጥቂት ጉዞ በኋላ እየተሸከሙት መሄድ ግድ ሆነባቸው። ዛሬ በእግር መንገዶቹ ላይ ውሻ ማስገባት ክልክል ነው።

ስለዚህ ሶሉ ወፍራምና ጠንካራ፣ ቁርጭምጭሚት የሚደግፍ፣ ቀደም ብላችሁ የለመዳችሁት ጫማ አድርጉ። አዲስ ጫማ እዚህ ማስመረቅ ውኃ የቋጠረ እግር መግዛት ነው። ረጅም ሱሪና እጅጌው ረጅም፣ ሳሳ ያለ፣ ነጣ ያለ ሸሚዝ ልበሱ። ሰፊ ባርኔጣ፣ የፀሐይ መነጽርና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ለጠቆረ ቆዳም ያስፈልጋሉ። ማጅራትን ለመሸፈን ነጠላ ይበቃል፤ ግን በነፋስ እንዳይወሰድ ቋጥሩት። የሥራ ጓንት አንድ ጥንድ ጨምሩ፤ ዋሻው ላይ ታመሰግኑኛላችሁ። የግንባር ባትሪና መጠባበቂያው፣ ፋሻና ፕላስተር፣ ፉጨት የሚያሰማ ፊሽካ፣ ቀለል ያለ ጃኬት። ኮምፓስ ከያዛችሁ ድንጋዩ ብረት ስለሚበዛበት መርፌው ሊዋሽ እንደሚችል እወቁ።

5. ረጅሙ ጉዞ፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት

ጁን ላይ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ በዚያ ሰዓት የትሪ ሞልድስ መንገድ መነሻ ላይ መኪናችሁን አቁማችሁ መራመድ ጀምሩ። ከዚህ ሁለት መንገድ ይነሣል።

አጭሩ ትሪ ሞልድስ ራሱ ነው፤ ደርሶ መልስ 2 ማይል። የቀለጠው ላቫ ዛፎችን ከቦ ሲበርድ፣ ግንዱ ተቃጥሎ ቅርጹ ድንጋዩ ላይ ቀርቷል። በጎን ብርሃን የሚታየውን ፈልጉ፦ የከሰለው እንጨት አራት ማዕዘን እያበጀ የተሰነጣጠቀበት መስመር ሳይቀር የላቫው ድንጋይ ላይ ታትሞ ይታያል። በማለዳ ብርሃን አግድም ሲወድቅበት ይጎላል፤ ቀትር ላይ አይታይም።

ረጅሙ የዱር መንገዱ (ዊልደርነስ ትሬይል) ነው፤ ሴንቲነል እስከሚባለው ኮረብታ ደርሶ መልስ 8 ማይል ገደማ ይሆናል። በብዛት የምትረግጡት ለመንገድ ድልድል የምናውቀውን ቀይ አሽ የመሰለ፣ እዚህ ግን አብዛኛው የጠቆረ ጠጠር ነው፤ እግር ትንሽ ወደ ኋላ ይመልሳል። በመሆኑም የከተማ መናፈሻ ላይ በሰዓት 3 ማይል የሚሄድ ሰው እዚህ 2 ቢያስብ ይሻለዋል። መንገዱ ቢግ ሲንደር ቢዩት የተባለውን ትልቅ የጠጠር ኮረብታ በጎኑ ያልፍና ኤኮ ክሬተር ወደሚባለው የእሳተ ገሞራ አፍ ያመራል። ከዚያ ወዲያ ምልክቱ እየደበዘዘ ይሄዳል። ካርታ ማንበብ የማይችል ቡድን ኤኮ ክሬተር ላይ ቁርሱን በልቶ ቢመለስ ምንም አልጎደለበትም።

አንድ ደንብ ግን አይለወጥ፦ የትም ብትደርሱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ፊታችሁን አዙሩ። መድረሻ ላይ ለመድረስ ብሎ ይህን ሰዓት ማሳለፍ የሚከፈለው በመልሱ ነው፤ መልሱ ደግሞ በሞቀ ድንጋይ ላይ ነው። ውኃም እንዲሁ ነው፤ ከያዛችሁት ግማሹ ካለቀ፣ ሰዓቱ ገና ቢሆንም ተመለሱ። ይህን ደንብ ከመነሣታችሁ በፊት ለሁሉም ተናገሩ፤ መንገድ ላይ ሆኖ መከራከር አይበጅም። ከቡድኑ ፊት የሚሄደው ፈጣኑ ሳይሆን ዝግ ያለው ይሁን።

ከእናንተ መካከል አንዱ ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው ወይም ከደከመው፣ ጥላ ፈልጉና አሳርፉት፤ ልብሱን አላሉ፤ ማጅራቱንና ብብቱን በውኃ አርጥቡ፤ ጨዋማ ነገር አቅምሱት። ንግግሩ ከተደናገረ ወይም ራሱን ከሳተ ግን የአደጋ ጊዜ ሕክምና ያስፈልገዋል። እያቀዘቀዛችሁት ሁለት ሰው ወደ መኪናው ላኩ፤ አንድ ሰው ብቻውን አይላክ።

6. ቀትር፤ ዋሻ

አምስት ሰዓት ገደማ መኪናችሁ ጋ ትደርሳላችሁ። ወደ ጎብኝዎች ማዕከል ተመልሳችሁ ውኃ ሙሉ፤ ጥላ ሥር ምሳችሁን ብሉ። ከዚያ ወደ ዋሻዎቹ።

ዋሻዎቹ የላቫ ቱቦዎች ናቸው፦ የፈሳሹ ላይ በርዶ ጣሪያ ሲሠራ ውስጡ መፍሰሱን ቀጠለ፤ ፈስሶ ሲያልቅ ክፍት ቤት ቀረ። ከሁሉ የሚቀለው ኢንዲያን ተነል ነው፤ ርዝመቱ 240 ሜትር፣ ቁመቱ 9 ሜትር ያህል ይሆናል። ጣሪያው እዚህም እዚያም ስለተደረመሰ ብርሃን ይገባዋል። ክፍት መሆኑን ግን ፈቃድ ስትወስዱ ጠይቁ። መግቢያው ላይ የብረት ደረጃ አለ፤ ከደረጃው በታች ያለው ወለል የወደቀ ቋጥኝ ክምር ነው፤ ጓንቱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ዋሻው ያለው መንገድ ግን ጥላ የሌለው የላቫ ሜዳ ስለሆነ፣ «ዋሻ ነው የምንሄደው» ብላችሁ ውኃ መኪና ውስጥ አትተዉ።

ቦይ ስካውት የሚባለው ዋሻ በሰመርም በወለሉ ላይ በረዶ ይይዛል። ጨለማ፣ ጠባብና አንሸራታች ነው። የግንባር ባትሪ የሌለው አይግባ፤ ያለውም ቢሆን ልጅ ይዞ አይግባ። በእኔ አስተያየት ለአንድ ቀን መንገደኛ ኢንዲያን ተነል ይበቃል።

7. ወላጆችና ልጆች

ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ እናት ወይም አባት አብረዋችሁ ካሉ፣ ከፍታው አያስጨንቃችሁ፤ የአዲስ አበባ ሰው የሚኖረው ከዚህ በላይ ነው። ስለ ከፍታው ይልቅ ማሰብ ያለባቸው ለዓመታት ዳላስ ወይም ሂውስተን የኖሩት ልጆቻቸው ናቸው። ለእናት አባት የሚከብደው የሚያንሸራትተው ጠጠርና ሙቀቱ ነው። ዴቭልስ ኦርቻርድ ግማሽ ማይል ያህል ዙሪያ ያለው፣ የተነጠፈ መንገድ ስለሆነ በምርኩዝም በተሽከርካሪ ወንበርም ይኬዳል። ማለዳ እነሱን ሆቴል አሳርፋችሁ፣ ከሰዓቱ ሲበርድ ወደዚያ ውሰዷቸው። ልጆች ድንጋይ ይሰበስባሉ፤ ከፓርኩ ማውጣት ክልክል መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

8. ምሽት፤ ኢንፈርኖ ኮን

ማታ 2 ሰዓት ገደማ ወደ ኢንፈርኖ ኮን ሂዱ። መውጫው ከግማሽ ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው፤ ግን ቀጥ ያለ አቀበት ነው፤ በምሽት ነፋስ ባርኔጣ ይነጥቃል። ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 1,884 ሜትር ነው። ከላይ ሆናችሁ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስትመለከቱ የጠጠር ኮረብታዎቹ አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፈው ይታያሉ፤ ሰልፉ የቆመው በስንጥቁ መስመር ላይ ነው። በማለዳ የሄዳችሁበት መንገድም በዚያ መካከል ያልፋል። በምሥራቅ በኩል ብቻውን የቆመው ቢግ ሳዘርን ቢዩት ነው። ሰማዩ ጥርት ካለ ከዚያ አልፎ የቲቶን ተራሮች ይታያሉ። ነጎድጓድ ከተሰማ ግን መውጣቱን ተዉት፤ በባዶ ኮረብታ ጫፍ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ሰው ብቻ ነው።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ ፓርክ ተብሎ ተመዝግቧል። ድንኳን የተከላችሁ ከሆነ የእጅ ባትሪያችሁን አጥፍታችሁ ኮከብ ቁጠሩ።

9. መመለስ

ከመነሣታችሁ በፊት ለአንድ ዘመድ የምትሄዱበትን መንገድ ስምና የምትመለሱበትን ሰዓት ጽፋችሁ ሰጥታችሁ ከነበረ፣ አርኮ ስትደርሱ መልእክት ላኩ፤ አለበለዚያ ሌሊቱን ሙሉ ስልካችሁን ሲሞክር ያድራል። ከንጋት ጀምሮ የተራመደ ሰው በዚያው ሌሊት አራት ሰዓት መንዳት የለበትም። አጋዘንና ፕሮንግሆርን የሚባለው የሜዳ እንስሳ በጨለማ መንገዱን ያቋርጣሉ፤ ሹፌሩም ያንቀላፋል። ለሁለተኛ ሌሊት አልጋ ያዙ፤ ወጪው በቡድን ሲካፈል አይከብድም። በማግሥቱ ጠዋት ጊዜ ካላችሁ፣ ከአርኮ በስተምሥራቅ በመመለሻችሁ መንገድ ዳር እ.ኤ.አ. በ1951 ለመጀመሪያ ጊዜ ከኑክሌር ኃይል ለአገልግሎት የሚበቃ ኤሌክትሪክ የመነጨበት ኢቢአር አንድ የተባለው ማብላያ አለ፤ በሰመር ወራት እንደ ሙዚየም ለጎብኚ ክፍት ነው።